ስሟ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት

እቀናባት ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል፤ ኋላ ሸፋፍና አመጣችው እንዳልባል። እኔ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ጸጉሬ የሸበተ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። እሷ ያኔ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የእድራችን የጡሩምባ ነፊ ልጅ። ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁሞ ማን በማን ይቀናል ቢባል የሶዶ ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አልጠራም። አንድ ጊዜ በስም ሰው በድያለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።

እድራችን ሰፈሩን በሙሉ ያቀፈ ነው። አናጢው፣ አስተማሪው፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወላይታውም፣ እንደ እኔ አያቱ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረውም፣ ሐዘን ሲመጣ አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ጥሪውም በሁለት ቋንቋ ነው፤ ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። የእኔ አባልነት ከአባቴ የወረስኩት ነው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ አባቴ ሲሞት ካርዱን ተቀብዬ መዋጮውን ቀጠልኩ። ካርዱ ላይ ያለው ስም የምነግራችሁ ነገር እስከሆነበት ዓመት ድረስ የእሱ ነበር።

ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እንዲህ ነው። ከወረዳ የመጣ አንድ ሰው «ኮሚቴያችሁ ውስጥ ሴት የለችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ወንዶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዱ «ያቺ የእጅ ጽሑፏ የሚያምረው» አለ፤ በጭብጨባ ጸደቀ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሐሳብ ልሰጥ እጄን ሳነሳ ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው «ጸሐፊ ከተናገረች ማን ሊጽፍ ነው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ቃል ስጽፍ ኖርኩ።

ልናገር የነበረው ነገር ረጅም አልነበረም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል። የሟቹን ማንነት በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለጡሩምባ ነፊው እሰጣለሁ፤ እሱ ወረቀቱ ላይ ያለውን ይጠራል። ሟቹ ወንድ ከሆነ ስሙ ከነአባቱ ይጠራል። ሴት ከሆነች ግን «የእገሌ ባለቤት» ወይም «የእገሌ እናት» ናት። እዚህ አገር ሴት ከወለደች በኋላ በበኩር ልጇ ስም መጠራቷ ክብሯ ነው፤ አውቃለሁ፣ በዚያ አልከራከርም። በሞተች ቀን እንኳ ስሟ አንዴ ቢጠራ ምን ነበረበት ነው የምለው። ስንቷን እናት እኔው በዚህ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ ስሟን ሳልጽፍ ሸኘኋት። «ሴትም በስሟ ትጠራ» ለማለት መስታወት ፊት ቆሜ ብዙ ጊዜ ተለማምጃለሁ። መስታወቱ ፊት ድምፄ ግሩም ነበር።

አንድ ዓመት ክረምት ላይ የሰፈሩን ልጃገረዶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰብኩ ማስተማር ጀመርኩ። የምንሰበሰበው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በተደራረቡት ወንበሮችና በትልልቆቹ ድስቶች መካከል ነው። ሴት ልጆች ስብሰባ ላይ ውሃ አቅራቢ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ነበር ሐሳቤ። እጅ አወጣጥ፣ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ከርዕስ አለመውጣት፣ «እድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ» ብሎ መጀመር፤ ይህን ሁሉ አስተምራቸዋለሁ። እኔ ራሴ በስብሰባ አንድ ቀን እንኳ ሐሳብ ሳልሰጥ ማለት ነው። እነሱ ግን ይህን አያውቁም ነበር፤ እትዬ ኮሚቴ ናቸው ብለው ያከብሩኛል።

የጡሩምባ ነፊው ልጅ ሁልጊዜ አርፍዳ ነው የምትመጣው። አባቷ ሻንቶ አካባቢ ገበሬ የነበረ፣ ኋላ ከተማ የገባ ሰው ነው። ቤታቸው የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛዋ ይደናቀፋል፤ ወንዱን ከሴቱ ትቀላቅላለች። ግን እየተደናቀፈችም አትቆምም። እጅ ሳታወጣ ትናገራለች፣ ሳታመሰግን ትጀምራለች፣ ድምፅዋ ድስቶቹ ውስጥ ያስተጋባል። ሌሎቹ ልጆች እኔ ስናገር ደብተራቸውን ያያሉ፤ እሷ ስትናገር እሷን ያያሉ። ይህን ልብ ያልኩት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

አንድ ቅዳሜ መልመጃ ሰጠኋቸው። እያንዳንዳችሁ በእድሩ ውስጥ ቢለወጥ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ተናገሩ አልኳቸው። አንዷ ወንበሮቹ ተሰብረዋል አለች። ሌላዋ ንፍሮ መቀቀል ለምን የሴቶች ብቻ ይሆናል አለች፤ ጥሩ ነው አልኳት። የጡሩምባ ነፊው ልጅ ከተቀመጠችበት የተደፋ ድስት ላይ ተነሳችና፣

«ሴትዮ ሲሞት ስሙ አይጠራም» አለች። «አባቴ ሲጠራ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት። ሴትዮው ስም የለውም ወይ?»

ልጆቹ መጀመሪያ በአማርኛዋ ሳቁ። ቀጥሎ ግን አንዷ ቀስ ብላ «እውነቷን ነው፤ የአያቴን ስም እኔም ያወቅሁት ከሞተች በኋላ ነው» አለች።

የእኔ ነገር ነበር። አስራ አንድ ዓመት የተሸከምኩትን፣ መስታወት ፊት ስንቴ ያስተካከልኩትን፣ ይህች ልጅ ከድስት ላይ ተነስታ በአንድ አፍታ ዘረገፈችው። እቅፍ አድርጌ ልስማት ይገባ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«‹ሴትዮዋ ስም የላትም ወይ› ነው የሚባለው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ደስ አለኝ። ያን ያህል ትንሽ ሰው ነበርኩ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አባቷ ድምፁ ተዘጋ። ዱቦ ሆስፒታል ሄዶ ታይቶ ነበር፤ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መጮህ የለም ብሎታል። ኮሚቴው ፊት ቆሞ በሹክሹክታ «የእኔ ድምፅ አልቋል። የልጄ ግን አለ» አለ። ጡሩምባ በሴት ልጅ እጅ ተይዞ አይታወቅም ያሉ ነበሩ። ሰው ይስቅብናል ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ለአባትየው ሲሉ ለሙከራ ትሥራ፣ ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል ተባለ። እኔ ጻፍኩ። ለልጅቷ ብዙ ነገር ነበር፤ ያ ቤት የሚኖረው በዚያ ጡሩምባ ነው፤ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኘው ነበር። ውሳኔውን ስነግራት ጡሩምባውን በሻርፗ ትወለውለው ጀመር።

መጀመሪያ የጠራቻቸው ሁለቱም ሟቾች ወንዶች ነበሩ። ገና ሳይነጋ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳመጥኳት። ወላይትኛው ከአፏ ሲወጣ ጠራ ያለ ነው፤ አማርኛው እንኳ ሲጠራ አይደናቀፍም፤ አባቷ ያለውን ከልጅነቷ በቃሏ ይዛዋለች። ከላይ ሰፈር እስከ ታች መንገድ አንድም ቤት ሳይሰማ አይቀርም። ጥሩ ጠራች ብዬ ደስ በመሰኘት ፈንታ ስህተት እፈልግ ነበር፤ ሳጣ ደግሞ ያበሽቀኛል። ጠዋት ሥራ ስሄድ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው «ያቺ ልጅ የአንቺ ተማሪ አይደለችም እንዴ? በርቺ!» ይሉኛል። «በርቺ» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ የተመሰገነችው እሷ ናት። ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ስደርስ ያገኘሁትን ሰው እቆጣለሁ።

ከዚያ የአናጢው ሚስት አረፈች።

ሰፈራችን ውስጥ የአናጢውን ሚስት የማያውቅ የለም። ሐዘን ቤት ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፤ ድስት ትጥዳለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ሰው ሳይበላ አትበላም። የሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ስለነበረች ስሟን ማንም ጠይቋት አያውቅም። የአናጢው ሚስት ነበረች፤ አለቀ።

ሊነጋጋ ሲል ታላቅ ልጇ በሬን አንኳኳ። የእናቱን ስም ከነአባቷ ነገረኝና ሌሎች ዘመዶችን ለመንገር ወደ ቦዲቲ የሚሄድ መኪና ሊይዝ እየሮጠ ሄደ። ስሙን ጻፍኩት። ጽፌው እጄ ቆመ፤ በዚያ ስም ሰፈሩ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበርና። ታች መንገድ ዳር የምትኖር አንዲት ቅቤ ነጋዴ በዚያው ስም ትጠራለች፤ ባል የሞተባት ነጋዴ ስለሆነች ገበያውም ሰፈሩም በስሟ ነው የሚያውቃት፤ የአባቷን ስም ግን ልብ የሚል የለም። «የአናጢው ባለቤት» ብዬ ከጎኑ ካልጨመርኩ ሰው ሁሉ ወደ ቅቤ ነጋዴዋ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሳላስብ ሳት ብሎኝ ነው ብል ውሸቴን ነው።

ልጅቷ ጡሩምባውን ይዛ መጣች። ወረቀቱን በበሩ ብርሃን አነበበችው።

«እትዬ፣ ስሙን ብቻ ነው የምጠራው?»

«ስሟን ብቻ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በራ። «እንደተነጋገርነው?»

«እንደተነጋገርነው።»

ባሏንም አብረሽ ጥሪ የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥሁት። አንድ ጊዜ ትሳሳት፣ አልኩ በልቤ፤ የሁሉንም ጆሮ የያዘች ልጅ አንድ ጊዜ ስትሳሳት እንያት። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። እየሮጠች ወጣች። ያን ቀን እንደጠራችው አድርጋ ጠርታ አታውቅም፤ ስሙን በየማዕዘኑ እየቆመች ደጋግማ አሰማችው።

ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ቤት ጎረፈ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቅል ታጥብ ነበር። ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ስለሚል ጥሪውን አልሰማችም። ሴቶቹ እያለቀሱ ግቢዋ ሲገቡ ሐዋሳ ያለው ልጇ የሞተ መሰላትና ቅሉን ጥላ ደረቷን እየደቃች አብራቸው ታለቅስ ጀመር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ስለነበር ፊት የገቡት አላወቋትም፤ የሟች ዘመድ መስላቸው አብረዋት አለቀሱ። ብዙ ከተላቀሱ በኋላ ነው «ንገሩኝ፣ ማን ነው የሞተብኝ?» ያለችው። ያኔ አንዲት ጎረቤቷ ቀና ብላ አየቻትና «አንቺ ነሽ የሞትሽው!» ብላ ጮኸች።

ይህ ሲነገር እስከ ዛሬ ሰፈሩ ይስቃል። እኔ ግን ያን ሰዓት የነበርኩት አናጢው ቤት ነው። ድንኳን አልተተከለም፤ እሳት አልነደደም። አናጢው፣ ትንሿ ልጁና አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበሩ። አናጢው በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። «ሰው የለም?» አለኝ። «እሷ የማን ሐዘን ላይ ቀርታ ታውቃለች? ሰው የለም?»

ነገሩ ሲታወቅ የልጅቷ አባት፣ ድምፅ የሌለው ሰውዬ፣ ቤት ለቤት እየዞረ በር በበትሩ እያንኳኳ በእጁ ወደ አናጢው ቤት ያመለክት ነበር። ሰው አፍሮ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ቀብሩ ከሰዓት በጣም ዘግይቶ ተፈጸመ።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ገና ከመክፈታቸው ወቀሳው ዘነበ። ለልጅ ጡሩምባ ሰጥተን አፈርን፤ ሬሳ ያለ ሰው አስቀመጥን፤ ድሮም ብለን ነበር። ልጅቷ ተነሳች። እንደ ልማዷ እጅ አላወጣችም።

«የጠራሁት ስማቸውን ነው» አለች። «ሰው የማን ስም እንደሆነ አላወቀም። አጥፍቻለሁ፤ ሰው እንደማያውቅ ማሰብ ነበረብኝ። እትዬ ጸሐፊን ግን አትቆጡ። ሴት በስሟ ትጠራ ብለው፣ ደፍረው ነው ስሙን ብቻ የጻፉልኝ። እኔ የእሳቸውን ድፍረት አይቼ ነው የጠራሁት።»

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። አንዳንዶቹ በአድናቆት። አንዷ እንዲያውም ጭኔን መታ መታ አደረገችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ ላይ ደፋር ተባልኩ፤ የተባልኩት ግን በእሷ አፍ፣ እሷን ለመጣል በሠራሁት ክፋት ነው። ብታምኑም ባታምኑም ያኔም ቀናሁባት። እኔ ብሆን ኖሮ ጥፋቱን በሌላው ላይ እጭን ነበር፤ ልቧ እንኳ ከልቤ በለጠብኝ። አንገቴን ደፍቼ እየጻፍኩ ነው መሰልኩ። አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ከወዲህ ወዲያ ተባለ፤ ልጅቷን እናስወግዳት ያሉም፣ አንድ እድል ይሰጣት ያሉም ነበሩ። ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ለሚቀጥለው ወር አዛወሩትና ወደ እኔ ዞረው «ጸሐፊ፣ ይህን በደንብ መዝግቢው» አሉኝ።

የእድራችን ሥርዓት ነው፤ ስብሰባ የሚጀመረው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ነው። የሚነበበው በእኔ ነው። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ያ ባዶ ገጽ ቤቴ ውስጥ ተከተለኝ። የልጅቷን ቃል እንዳለ ብጽፈው ደፋሯ ጸሐፊ ሆኜ እቀራለሁ፤ እሷ ያልበሰለች ተብላ ትባረራለች። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ እንደወትሮዋ አርፍዳ መጣች። አባቷ ሥራ ካላገኘ ትምህርት አቋርጣ ሻንቶ አክስቷ ሱቅ ልትገባ እንደምትችል ለጓደኞቿ ስትነግር ሰማኋት። ለእኔ አልነገረችኝም። ለእኔ ፈገግ ብላ «እትዬ፣ ዛሬ አጀንዳው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ ተነስቼ አነበብኩ። የተሰብሳቢውን ብዛት፣ አጀንዳውን፣ የእነ እከሌን ሐሳብ። ከዚያ እዚያ ቦታ ደረስኩ። «ጸሐፊዋ ስሙ ሰው እንደሚያሳስት እያወቀች፣ የባልየውን ማንነት ሆን ብላ ሳትጨምር ቀርታለች። ይህን ያደረገችው ለሴቶች ክብር አስባ ሳይሆን በልጅቷ ቀንታ፣ ትሳሳትልኝ ብላ ነው። ጠሪዋ ወረቀቱ ላይ ያለውን በትክክል ጠርታለች።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔም ገረመኝ።

አናጢው ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። እኔን አላየኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አይቶኝ አያውቅም፣ አልፈርድበትም። እጁን አነሳና «ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ያን ጠዋት የሚስቴን ስም የጠራላት እሷ ብቻ ናት። ትቀጥል» አለ። እጁን አላወረደም። ሴቶቹ ተከተሉት፤ ከዚያ ወንዶቹ አንድ ሁለት እያሉ። ከዚህ በኋላ ሴት ከነስሟም ከነባለቤቷም እንድትጠራ ተወሰነ፤ ጡሩምባውም የልጅቷ ሆነ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው አይናቸውን አሹ። «በቃ፣ ጥሩ ነው። ያቺን የጸሐፊዋን ነገር ግን ከቃለ ጉባኤው እናውጣት። ለእሷም ነውር ነው፣ ለእድሩም ነውር ነው። ይሰረዝ።»

ያኔ ከኋላ እጅ ወጣ። የእሷ ነበር። ቀጥ አድርጋ አንስታ እስኪፈቀድላት ድረስ ጠበቀች።

«እድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ» አለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አይሰረዝ። እንዳለ ይቀመጥ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ‹ጸሐፊዋ› ነው የሚለው። ጸሐፊዋ ስም የላትም ወይ?»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ከፈቱ። የአባላቱን ዝርዝር በጣታቸው ወደ ታች እየተከተሉ ሄዱ። ጣታቸው የአባቴ ስም ላይ ቆመ። ከአባቴ ስም ጎን የእኔን ፈለጉ፤ አልነበረም። አስራ አንድ ዓመት አጠገባቸው የተቀመጥኩት ሰውዬ ቀና ብለው አዩኝ፤ አፈሩ።

«ስምሽ... ማን ነበር?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«አልሰማንም!» አለች ልጅቷ ከኋላ።

ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ታች መንገድ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ ጠራሁት።